እስከ ገና

እጃጂ ገብታችሁ «የኢዶሳ ቤት የት ነው?» ብትሉ «የትኛው ኢዶሳ?» ትባላላችሁ። «ወንድ ከሆንክ» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መንገደኛው ሁሉ እየሳቀ በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። ስሙ የወጣለት በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ነው፤ ያወጣውም ራሱ ነው። ሰው በገዛ አፉ ለራሱ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኢዶሳ አውጥቷል። ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም በሚስቱ ፊት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከወፍጮው ልጀምር።

ኢዶሳ የኦቦ ዱጋሳ ወፍጮ ኦፕሬተር ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከጌዶ በኩል ሲመጡ ከተማው መግቢያ ላይ ነው፤ ገበያተኛ ሁሉ በደጁ ያልፋል። ሰባት ዓመት እዚያ ሠርቷል። ሞተሩ ሲያስል ናፍጣው ውሃ እንዳለበት በድምፁ ያውቃል፤ ዱቄቱን በሁለት ጣቱ ፈተግ አድርጎ ድንጋዩ መቼ እንደሚላሽ ይናገራል። ሙያ ብላችሁ ሙያ ነው። ችግሩ አፉ ነበር። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይክድም፤ አፉ ግን ሁልጊዜ ከልቡ ቀድሞ ይደርሳል። በ1990 ክረምት ለጦርነቱ ሰው ሲመዘገብም እንደዚያው ሆነ። ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስብሰባው መሐል ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ!» አለ። ተጨበጨበለት። ቤቱ ሲደርስ ሸዋነሽ፣ ሚስቱ፣ የሦስት ዓመት ልጃቸውን ናኦሚን አዝላ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «እኛስ?» አለችው። ያን ጊዜ ነው ልቡ አፉ ላይ የደረሰበት። ግን ስሙ ተጽፎ ነበር።

ኦቦ ዱጋሳ ሲሰናበቱት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ሂድ፣ ቦታህ አለ» አሉት። ሰውየው ያኔ ስድሳውን አልፈዋል፤ የዱቄት ብናኝ ደረታቸውን ይዟቸው ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። ኢዶሳ ማሠልጠኛውን ጨርሶ ሰሜን ምሽግ ውስጥ ሲገባ የከነከነው ይኸው ነገር ነበር። ጥይት አልፈራም አይልም፤ ማን ነው የማይፈራ? ግን ጥይቱ ዝም ባለበት ሰዓት ሁሉ የሚያስበው ሥራውን ነበር። እኒህ ሽማግሌ በዚህ ደረታቸው እስከ መቼ ብቻቸውን ይፈጫሉ? አንድ ቀን ሰው ይቀጥራሉ። የተቀጠረ ደግሞ አይወጣም። ጦርነቱ አልቆ ስመለስ ምን ልሠራ ነው? መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ። ይህን እያሰበ ለሸዋነሽ ጻፈላት፤ መስከረም ላይ መልሷ መጣ።

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህች ደብዳቤ ላይ ነውና ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሸዋነሽ የአምቦ ልጅ ናት፤ የኦርቶዶክስ ቤት ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምር። እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ስለ ሥራህ ኦቦ ዱጋሳን ጠይቄልህ ነበር። እስከ ገና ቦታውን ለማንም አልሰጥም፣ እንደምንም ራሴ እየሠራሁ እጠብቀዋለሁ፣ እስከዚያ በፈቃድ መጥቶ ምትኩን ሰው ያቁምልኝ ብለዋል።»

ገና ስትል የምን ገና? የታኅሣሥ ሃያ ዘጠኙን ነዋ! የልደቱን። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደዚያ ያነበዋል። ኢዶሳም አማርኛ ያውቃል፤ ግን የኢዶሳ ቤተሰብ ወንጌላውያን ናቸው፣ በእነሱ ቤት በዓሉ «ልደት» እንጂ «ገና» ተብሎ አያውቅም። ሌላ ገና ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። በኦሮምኛ ክረምት ጋና ነው፤ ላላ ጠበቅ እያለ ሲነገር፣ በሰው እጅ በችኮላ ሲጻፍ፣ ከዚያኛው ገና ጋር ማን ይለየዋል? ኢዶሳ ደብዳቤውን ሲያነብ የሸዋነሽን ድምፅ አልሰማም፤ የሰማው ኦቦ ዱጋሳ እያፏጩ በኦሮምኛ ሲናገሩ ነው፦ «ሀንገ ገናቲ ነን ኤጋ።» እስከ ክረምት እጠብቃለሁ። ሸዋነሽማ አሁን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች ነው የምታወራው፣ እንዳሉት ጽፋዋለች፣ አለ በልቡ። ደስታው! እስከ ክረምት ማለት እኮ ዓመት ሙሉ ነው። «ዋቃ ዕድሜ ይስጣቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!» እያለ ደብዳቤውን፣ «ገና»ዋን «ክረምት» ብሎ፣ ለጋንታው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ዓመት ሙሉ ቦታ የሚጠብቅ አሠሪ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ነገራቸው።

ኅዳር ላይ የፈቃድ ተራ ደረሰው። ያን ጊዜ ቢመጣ ይህ ሁሉ ባልሆነ! ነገር ግን አጠገቡ የሚተኛው ኩምሳ፣ የእንጭኒ ልጅ፣ ሚስቱ ለመውለድ ቀኗ ደርሶ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ኢዶሳ አየውና አፉ እንደ ልማዱ ቀደመ። «ተራዬን ውሰድ። እኔ እስከ ክረምት ጊዜ አለኝ።» ኩምሳ አቅፎት አለቀሰ። ኢዶሳ የዚያን ቀን እንደ ኮራ ዋለ፤ መኩራቱም አይፈረድበትም፣ ደግ ሠርቷል። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ መጣ፤ ከእምነት ጓደኞቹ ጋር የልደት መዝሙር ዘመረ፣ ፍየል ታረደ፣ በላ። በዚያች ቀን ሸዋነሽ እጃጂ ላይ ምን ስታደርግ እንደዋለች ወደ ልቡም አልመጣ። ከዚያ የካቲት መጣ፤ የካቲት ግንባሩ ላይ የሆነውን እሱም አያወራም፣ እኔም አልጨምርበት። ከየካቲት ወዲህ የሸዋነሽ ደብዳቤዎች አጫጭር ሆኑ፤ ሁሉም ግን «ቦታህ ደህና ነው፣ አታስብ» ብለው ነው የሚያበቁት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ፈቃዱ ተፈረመለት። አሥራ አምስት ቀን። ወረቀቱን ከዚያች ደብዳቤ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተ። ዕቅዱ የታወቀ ነበር፤ የአጎቱን ልጅ ጃርሶን ምትክ አድርጎ ወፍጮው ላይ ማቆምና በልቡ ዐርፎ መመለስ። ክረምቱ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል፤ በቀጠሮው ደርሷል። በል እንግዲህ!

መንገዱ ግን አሥራ አምስቱን ቀን ከጅምሩ ይበላበት ጀመር። ከምሽጉ አዲግራት የሚያወርደውን የውሃ ቦቴ አንድ ቀን ጠበቀ። አዲግራት ለሸዋነሽ ሻሽ ገዛ፣ ለኦቦ ዱጋሳ ደግሞ ነጭ ማር በቆርቆሮ። መቀሌ አውቶቡሱ ሞልቶ ሌላ ቀን። ከኮረም ወዲህ የአውቶቡሱ ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ በሁለተኛው መለዋወጫ አልነበረም። አንድ ኬላ ላይ ደግሞ ፈታሹ የፈቃድ ወረቀቱን ገለባብጦ «ማኅተሙ አይነበብም፣ ጠፍተህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ግማሽ ቀን አስቀመጠው። ኢዶሳ! በዚያ አፉ! እንዴት እንደቻለው እንጃ፣ ዝም አለ። ማሩን ታቅፎ ዝም አለ። አዲስ አበባ ሲደርስ አምስተኛው ቀን ነበር፤ አምቦ ሲደርስ ስድስተኛው። ለመመለሻ አምስት ቀን ሲያስቀር በእጁ የቀሩት አራት ናቸው። በጣቶቹ ቆጠራቸው፣ ደግሞ ቆጠራቸው፤ አራት።

በሰባተኛው ማለዳ ከአምቦ ወደ ነቀምት የሚያልፍ አውቶቡስ አገኘ። አጠገቡ የተቀመጡት ሽንኩርትና ቅቤ የሚነግዱ አዴ ሃዋኒ የሚባሉ ሴት ነበሩ። በዚያው ዓመት ነው ከጌዶ መጥተው እጃጂ የሰፈሩት፤ እሱ እሳቸውን አያውቅ፣ እሳቸው እሱን አያውቁ።

«ማሎ ልጄ፣ እባክህ ይህን ቆርቆሮ እግርህ ሥር አታደርገውም? እንደ አራስ ልጅ ታቀፍከው እኮ!»

«ማር ነው እናቴ። የኦቦ ዱጋሳ ነው።»

«የባለወፍጮው? አይ እሳቸውማ ይገባቸዋል!» አሉ አዴ ሃዋኒ። ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። «ወፍጯቸውም ዘንድሮ አማረበት። ከጥር ወዲህ አዲስ ሰው ይዞታል፣ ዱቄቱ እንደ ጥጥ ነው።»

ኢዶሳ ቀና አለ። «አዲስ ሰው?»

«አዎ! የበፊቱ ልጅ ዘምቶ የለም እንዴ? በእሱ ቦታ ነዋ። ታዲያ ማን መሰለህ? ጉድ እኮ ነው፣ የዚያ የወታደሩ...»

ይህን ጊዜ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ዘጭ አለ። ከጌዶ ወዲያ መንገዱ ያኔ አስፋልት አልነበረም፤ የሌሊቱ ዝናብ አረንቋ አድርጎታል። ሾፌሩ «ወንድ ወንዱ ይውረድና ይግፋ!» ብሎ ጮኸ። አዴ ሃዋኒ አፋቸው ውስጥ የቀረችውን አንዲት ቃል ቢጨርሱ ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ አላወራላችሁም። ኢዶሳ ግን ከወንበሩ ተነሥቷል። ፊቱ ጠቁሯል።

«ማሩን ውሰጂው እናቴ!» ብሎ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ለእሳቸውስ እሬት ነበር የሚገባቸው!»

ወርዶ ከሌሎቹ ጋር ገፋ፤ በንዴት ስለገፋ ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ ተደፋ። አውቶቡሱ ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ መንገድ ጀመረ። አዴ ሃዋኒ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «አንተ ልጅ! ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም እኮ!» እያሉ ተጣሩ። ዞርም አላለ።

አንድ ሰዓት ተኩል ተጓዘ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ራሱን በራሱ አቀጣጠለ። ጋና አሁን እየገባ ነው፣ ዝናቡ ገና መጣል መጀመሩ ነው፣ እና ከጥር ጀምሮ? ከጥር! ሰውየው አምስት ወር እንኳ ሳይታገሡ! እኔ እዚያ ምሽግ ውስጥ ስማቸውን እየጠራሁ ስመርቃቸው፣ የልጄን ወተት ትቼ ማር ስገዛላቸው! የፈቃዱ አራት ቀን፣ የጃርሶ ነገር፣ ሁሉም ከራሱ ጠፋ። እጃጂ ሲደርስ ገበያው ሞልቷል፤ የወፍጮው ሞተር ዱቅ ዱቅ ይላል። ቤቱ ከገበያው ወዲያ ነው፤ እግሩ ግን ወደ ወፍጮው አደባባይ ጣለው።

በሩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶችና ገበሬዎች ኬሻቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ኦቦ ዱጋሳ ሚዛኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ለመነሣት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ኢዶሳ! ዋቃ ኮ! በሕይወት...»

«አይነሡ!» አለ ኢዶሳ። «በቃላቸው ያልቆሙ ሰው ለእኔም አይቆሙልኝ! የዘማች እንጀራ ወስደው ለማን ሰጡ? እ? ሽበትዎ አላሳፈረዎትም?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው ግማሽ ተነሥተው ቀሩ። አንዲት ሴት «ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች። ኢዶሳ አልሰማም፤ ዓይኑ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚያ በብናኙ መሐል አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ እህል ይገለብጣል። ራሱንና አፉን በጨርቅ ጠምጥሟል፤ የለበሰው ሰማያዊ ቱታ፣ ቀኝ ክርኑ ላይ በካኪ ጨርቅ የተጣፈ። የኢዶሳ ቱታ! በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅሎት የሄደው የገዛ ቱታው! እግሩን አሳጥሮ አሰፍቶት፣ እንደ ራሱ አድርጎ!

በዚህ አበደ። «አንተ ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ ዋጠበት። ገፍቶ ገባና የቱታውን ትከሻ ጨምድዶ ያዘ። «ሰው አገር ሊጠብቅ ሲሄድ አንተ ልብሱን ለብሰህ ቦታው ላይ ትቆማለህ? ፈሪ! ወንድ ከሆንክ ውጣ! ወንድ ከሆንክ ና ውጣና እንተያይ!»

ያ ሰው አልታገለም። የያዘውን ቁና ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ ወደ ሞተሩ ሄደና ናፍጣውን ዘጋ። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ተንሸራትቶ ቆመ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጸጥ ሲል የገበያው ጫጫታ ሁሉ አብሮ ጸጥ ያለ መሰለ። ከዚያ ያ ሰው ቀድሞ ወደ ደጅ ወጣ፤ ኢዶሳ ትከሻውን እንደ ያዘ ተከትሎ ወጣ። ሰው ሁሉ እያየ ጨርቁን ከአፉ ፈታ፣ ከራሱም ፈታ። ጸጉሩ ሹሩባ ነበር። ቅንድቡ በዱቄት ነጭቷል።

«ወንድ እንኳ አይደለሁም» አለች ሸዋነሽ። «ግን ይኸው ወጣሁ።»

የኢዶሳ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ማንሣት አቃተው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የተናገረው ሁሉ አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቆሞ ያየው መሰለው። አንዲት ሴት ከሰልፉ መሐል ክትክት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ገበሬዎቹም። ክፋት አልነበረበትም ሳቁ፣ ግን ሳቅ ሳቅ ነው። ምሽግ ውስጥ ስንት ነገር አይቶ የማያውቀው ላብ ጀርባውን አጠበው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ያም ሆኖ፣ ኢዶሳ ነውና፣ አፉ አሁንም አንድ ነገር ይዞ ለመትረፍ ሞከረ። ደረት ኪሱን ዳብሶ ደብዳቤዋን አወጣ። «እስከ ገና ብለሻል! ይኸው! ጋና አሁን እየገባ አይደለም? በጊዜው ነው የመጣሁት!»

ሸዋነሽ ወረቀቱን አየችው፤ አላነበበችውም፤ የገዛ ጽሑፏ ነው። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ፤ ምን እንደሆነ እሱ እስካሁን ሊናገረው ያፍራል።

«ገና ነው ያልኩህ፣ ኢዶሳ። ልደት። የታኅሣሡ።»

ኦቦ ዱጋሳ አሁን ቆመዋል። እያፏጩ ተነፈሱ። «እኔ ያልኳት እስከ ቂሌ ነው» አሉ። ቂሌ በኦሮምኛ ያው የገና በዓል ነው። «ቂሌን እሷ በአማርኛዋ ገና አለችው፤ አንተ ደግሞ ገናን በኦሮምኛህ ጋና አደረግከው። እንዲህ ተዟዙሮ ነው ሌባ የሆንኩት?»

ከዚህ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ሳቁ ቢቀጥል በተሻለው።

ማታ ቤታቸው ተቀምጠው ሁሉንም ሰማ። ኦቦ ዱጋሳ ከነደረት ሕመማቸው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ራሳቸው ፈጩ። ገና መጣ። «መንገድ ዳር ቆሜ ዋልኩ» አለችው ሸዋነሽ። «ናኦሚን አዲስ ቀሚስ አልብሼ። ከአምቦ የመጣውን መኪና ሁሉ አየሁ። ማታ ላይ፣ እንግዲህ ሞቷል ብዬ ገባሁ። በሕይወት መኖርህን በኋላ ከደብዳቤህ ሳውቅ፣ ለምን ቀረህ ብዬ መጠየቁንም ተውኩት።» በማግሥቱ ቦታውን የሚፈልግ ሰው ኦቦ ዱጋሳ ዘንድ መጣ። ሸዋነሽ ሰማችና ሄዳ ቆመች። «ምትኩን ያቁም ብለው አልነበር? እኔ ነኝ ምትኩ» አለች። ሽማግሌው ሴት ከሞተር ጋር ምን አላት ብለው ሁለት ቀን አሰቡ፤ ከዚያ ቁልፉን ሰጧት። ሴቱም ወንዱም አፉን ያዘ። ሁለት ጣቷን ቺንጋው ሊበላባት ነበር፤ ጠባሳውን አላሳየችውም፣ እሱ ነው ያየው።

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽልኝም?» አላት።

«ምን ብዬ ልጻፍልህ? ደብዳቤዬን ጓደኞችህ ፊት ጮክ ብለህ እንደምታነብ ነግረኸኛል። ባል ምሽግ፣ ሚስት ወፍጮ ቤት ብለው እንዲስቁብህ?» ወደ ምድጃው ዞረች። «እዚያ ሆነህ እንዳታፍር ብዬ ነው።»

እሱን ከሩቅ ሆና ከሀፍረት ስትከልለው ኖረች፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቀን ገበያ ፊት አስወጣት። ይህን አሰበና መብላት አቃተው። ያመጣላትን ሻሽ ከሻንጣው አላወጣም፤ በምን ዓይኑ?

በማግሥቱ የአገር ወጉ በሚያዝዘው መሠረት ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎቱን ኦቦ ነገራን አስቀድሞ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሄዶ ተንበረከከ። አዴ ሃዋኒም የማሩን ቆርቆሮ ይዘው እዚያው ደርሰው ኖሯል። «ወሬዬን አስጨርሰኸኝ ቢሆን!» እያሉ ማሩን ለኦቦ ዱጋሳ አስረከቡ። ሽማግሌው ማሩንም ድንጋዩንም አዩ።

«አውርደው» አሉ። «እኔ ትናንትናውኑ ይቅር ብያለሁ። ድንጋይ ለመሸከም ከመጣህ ትልቁ ድንጋይ ውስጥ አለልህ። በፋሲካ እንደምንም እኔ ከወቀርኩት ወዲህ አልተወቀረም፣ ላሽቷል። ሸዋነሽ ሁሉን ትችላለች፣ መውቀሩን ግን ማን አስተማራት? ለእሷ ደግሞ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ጨርስ።»

ከቀሩት አራት ቀናት ሁለቱን ኢዶሳ የወፍጮውን ድንጋይ ሲወቅር ዋለ። ሞተሩ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አስፈጪው ሁሉ እያየው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሮና መዶሻ ይዞ። ሰልፉም ዝም አላለውም። «ወንድ ከሆንክ ቶሎ ጨርስ!» ትላለች አንዷ፤ «ወንድ ከሆንክ፣ የእኔ ጤፍ ይቀድማል!» ትላለች ሌላዋ። ስሙ ያኔ ነው የጸደቀው። አንገቱን ደፍቶ ይወቅራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው፤ እሱ ያፈሰሰው ግን ዱቄት ቢሆን በእፍኝም ይታፈስ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ሸዋነሽ መጥታ ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። ከዚያ ማታ ወዲህ ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላናገረችውም። መሮውን አየችው።

«አጋድመህ ነው የምትይዘው?»

«ወደ ራስሽ ዘንበል አድርጊው። መስመሩ ከመሐል ወደ ዳር ይውጣ። ጥልቀቱ የጥፍርሽን ያህል ብቻ።» መሮውን ሰጣት። «ሸዋነሽ፣ አፍሬአለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችና መውቀር ጀመረች።

ወደ ምሽጉ በቀኑ ደረሰ። ኩምሳ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀው፤ ጋንታውም ዙሪያውን ከቦ ሊሰማ ተቀምጧል።

«ቦታህ ተጠበቀልህ?»

«ተጠበቀልኝ።»

«እኒህ ኦቦ ዱጋሳ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው!»

«ደግ ሰው ናቸው» አለ ኢዶሳ። ሸዋነሽ የምትለዋ ስም ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር። እነዚህ ሁሉ ወንዶች ያዩታል። ስሟን ዋጣት። ከአንድ ገበያ ሰው ፊት ያፈረው ሀፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር ይላል እሱ፤ ያኛውን ሰው ሁሉ አይቶበታል፣ ይህኛውን ግን ብቻውን ነው የሚያውቀው።

በ1993 ተሰናብቶ ተመለሰ። ሸዋነሽ ቱታውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጠችው። ከመጨረሻ ፈቃዱ ወዲህ ሁለተኛ ልጃቸውን ልዩን አርግዛ ነበርና ሞተር ቤት ከእንግዲህ ይበቃኛል አለች፤ ድንጋዩን ግን እስካሁን እሷ ናት የምትወቅረው፤ የእሷ መስመር ይበልጥ ይቀጥናል። ኢዶሳ ቱታውን ለበሰ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ሸዋነሽ ስታሳጥረው ጨርቁን ቆርጣው ነበር፣ የሚለቀቅ ትርፍ የለውም። ኦቦ ዱጋሳ አዲስ ልግዛልህ አሉት፤ እንቢ አለ። ሰው ሳቀ፤ እንቢ አለ። ጨርቁ ሳስቶ ጉልበቱ ላይ እስኪቀደድ ድረስ ቅልጥሙ እየታየ ለበሰው።

አንድ የገበያ ቀን ከእንጭኒ በኩል የመጣ እንግዳ ነጋዴ ስንዴ ሊያስፈጭ ተሰልፎ ሳለ ከእግር እስከ ራሱ አየውና ሳቀበት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር የማን ቱታ ነው? የአንተስ አይደለም!»

ሰልፉ ሁሉ ጆሮውን አቀና፤ «ወንድ ከሆንክ» ምን ይል ይሆን ብሎ። ኢዶሳ ሞተሩ እንዳይውጥበት ናፍጣውን ቀነስ አደረገ።

«የባለቤቴ ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ። «ይህን ቦታ የጠበቀችልኝ እሷ ናት።»